ለእማዬ ሳንነግራት እንዳንሄድ

እሑድ፣ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሰርኬ፣

እንዴት ከርመሻል? ከወሊዱ በኋላ ያስቸግርሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ኪብሮን ጡት በደንብ ትይዛለች? ሌሊትስ ታስተኛሻለች? ሮቤል ሥራው እንዴት ነው? የእናቱ ጉልበት ሻል አላቸው? የአርባ ምንጭ ሙቀት ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሕፃኗን አስቤ ነበር፤ ብዙ አትጠቅልሏት። እዚህ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ይተኛል። ስለ እኛ ደግሞ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ መልሼ ሰረዝኩት። ከላይ የምታዪው ስርዝ እሱ ነው።

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። አባዬ ማክሰኞ እኔን ይዞ ለመስቀል እንደሚመጣ ነግሮሻል፤ ቲኬቱም ተቆርጧል። እኔ ግን ላልመጣ እችላለሁ። ምናልባት አባዬም ይቀር ይሆናል። ይህ የሚወሰነው ነገ እኔ በማደርገው ነገር ስለሆነ ቀድመሽ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩ ከእማዬ ጉያ አይወጣም። ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ስልክ ስይዝ «እ... እሺ... ደህና ነኝ» ከማለት በቀር አፌ አይፈታም። ከአባዬ አጠገብ የሚሸምኑት ጋሽ ቤዛብሕ ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ እናንተ አገር ስለሚነሡ በእሳቸው እጅ እልክልሻለሁ፤ ነገ ማታ ይደርስሻል።

አሁን ሸማ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እሑድ ስለሆነ ሥራ የለም። እማዬ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ አባዬም ወጣ ብሏል። እሷ ሳትመለስ ልጨርሰው እየቸኮልኩ ነው፤ ጽሑፌ ቢያስቸግርሽ ለዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምንሄድ ለእማዬ ማንም አልነገራትም። አባዬ እንደ ሁልጊዜው ማክሰኞ ከመንጋቱ በፊት፣ እሷ እንደተኛች ሊወጣ ነው። ልዩነቱ ዘንድሮ እኔም አብሬው መሆኔ ነው። ሻንጣችን ጎረቤት፣ እትዬ ሩቲ ቤት ተደብቋል። «ብንነግራት ቤቱ ይፈርሳል፤ ሳንነግራት ብንሄድ ሁለት ቀን ትጮኽና ይወጣላታል» አለኝ አባዬ። ቀጥሎ ደግሞ «አንቺ ዝም በይ ብቻ፤ ዝም ማለት ታውቂበታለሽ» አለኝ። ማመስገኑ ነው። እኔ ግን እንደዚያን ቀን በዝምታዬ አፍሬ አላውቅም።

ለምን እንደከበደኝ እንዲገባሽ የሐምሌውን ልንገርሽ። አባዬ «እናትሽ ወድቃ እጇን ቢላ ቆረጣት» ብሎሽ ነበር። አልወደቀችም። የዚያን ቀን አባዬ ጋቢ ሊያደርስ ደብረ ዘይት ሄዶ መኪና አጥቶ አደረ፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ ተዘጋ። እማዬ እስኪነጋ በር ላይ ቆማ «ጥሎኝ ሄደ፣ ሌላ አግብቷል» ስትል አደረች። ጠዋት ወደ ሸማ ቤት ገብታ በመሸመኛው ላይ የተወጠረውን ድር በመቀስ ቆረጠችው። ለሠርግ የታዘዘ ነበር፤ አባዬ ድሩን ለማዘጋጀት ብቻ ስንት ቀን ደክሞበታል። ስንት ሺህ ክር በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ የሚያወጣውን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ጣራ ላይ ዝናብ ሲጀምር ይመስላል። ከዚያ ራሷን ጎዳች። ስለሱ ብዙ አልጽፍልሽም። ቁስሉ ድኗል። አባዬ ረፋድ ላይ ለእሷ ብሎ ሙዝ ይዞ ሲገባ እኛ ሆስፒታል ነበርን።

እዚያ ቁስሉን ከሰፉላት በኋላ ወደ ሌላ ክፍል መሩን። ወይዘሮ ደሳለች የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ አገኘን። ከዚያ ወዲህ እማዬ ሐሙስ ሐሙስ ትሄዳለች፤ እኔ አደርሳታለሁ። ብዙ ጊዜ ደጅ እጠብቃለሁ፤ እማዬ ደስ ሲላት ደግሞ «ትግባ፣ እሷ እንደሆነች አትናገርም» ትልና እገባለሁ።

የመጀመሪያ ቀን አባዬም አብሮን ነበር። «መንፈስ ነው ወይስ በሽታ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ጠበሉን አላስተዋችሁም፤ ቀጥሉ» አሉት፤ «እኔ የምጠይቅዎ ግን ይህቺን ልጅ ማን ጥሏት እንደሄደ ነው።» አባዬ እኔን አየኝ፤ ግራ ገብቶት «የትኛዋን ልጅ?» አለ። «ባለቤትዎን» አሉት።

የእማዬ ችግር የስብዕና መታወክ ይባላል አሉን። እብደት አይደለም፤ ክፋትም አይደለም። እንዳስረዱን ከሆነ ሕፃን ልጅ አደጋ ሲመጣበት ባለችው አቅም ራሱን ያድናል፤ ራሱን ያዳነበት መንገድ ሲያድግ አብሮት ያድግና ጠባይ ይሆናል። አደጋው ካለፈ ከስንት ዓመት በኋላም ሰውየው ያንኑ ያደርጋል፤ ለምን እንደሚያደርገው ግን ራሱም አያውቀውም። ለምሳሌ ሕፃን የምታቅፈው እናትና ጥላው የምትወጣው እናት አንድ ሰው መሆኗን መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ለሁለት ይከፍላታል፤ አንዷ መልአክ፣ አንዷ ጋኔን። እናቲቱ ስትሄድ ስትመለስ፣ ስትቆጣ ስታባብል፣ ቀስ በቀስ ሁለቱ አንድ ሴት ይሆኑለታል። እማዬ ግን ያንን ጊዜ አላገኘችም።

ይህን ስሰማ ቤታችን ፊቴ መጣ። ጠዋት «የኔ እመቤት፣ ካንቺ በቀር ማን አለኝ» ትለኛለች። ከሰዓት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ሰልፍ ካዘገየኝ «አንቺም እንደ እህትሽ እባብ ነሽ» ትለኛለች። አንዱ ውሸት፣ አንዱ እውነት ይመስለኝ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ስንት ዓመት አሰብኩ መሰለሽ። ሁለቱንም ስትናገር ከልቧ ነው። ጠዋት የወደደችኝ እኔ ከሰዓት በፊቷ አልነበርኩም፤ ሌላ ሰው ነበረች የቆመችው።

ሌላም ነገር አሉን። ፍርሃቷ ለራሷ ሲበዛባት አውጥታ ሌላው ሰው ላይ ታስቀምጠዋለች። «ልትሄድ ነው፣ ጠልተኸኛል» ትለዋለች አባዬን። እሱ ምንም ያሰበው የለም። ስትለው፣ ስትለው፣ ስትለው በመጨረሻ ይመረውና በሩን ወርውሮ ዘግቶ ይወጣል። ያኔ «አላልኩም?» ትላለች። ይህን ሲናገሩ አባዬ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ።

ሰርኬ፣ አሁን የምነግርሽን እማዬ ራሷ ናት እኔ ባለሁበት የተናገረችው። ስለ አያታችን የምናውቀው እማዬ ሕፃን ሳለች መሞቷን ነው አይደል? ያኔ አልሞተችም ነበር። ከዶርዜ ይዛት መጥታ እዚሁ ሽሮ ሜዳ አጎቷ ቤት ክር እንድታጠነጥን አስገባቻት። ያን ቀን ማታ እናትና ልጅ በአንድ ጋቢ ተኙ። እማዬ የሆነ ነገር ጠርጥራ ኖሮ የእናቷን ነጠላ ጫፍ እጇ ላይ ጠምጥማ ነው የተኛችው። ስትነቃ ነጠላው እጇ ላይ አለ፤ እናቷ የለችም። እንዳታለቅስ ብላ፣ እንዳትቀሰቅሳት ነጠላዋን እንኳ ትታ ሄዳለች። የአጎቷ ሚስት «ለመስቀል ትመጣለች» አሏት። መስቀል ሲደርስ የግቢው ሰው በሙሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ወረደ። እሷን የሚወስዳት አልነበረም፤ የመጣም የለም።

ይህን ስትናገር አላለቀሰችም። የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ ነው የተናገረችው። «እንቅልፋም ነበርኩ እኮ! ባልተኛ ኖሮ ትሄድ ነበር?» ብላ ሳቀች። ወይዘሮ ደሳለች አልሳቁም። «የሰባት ዓመት ልጅ መተኛቷ ጥፋት ነው?» አሏት። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ማሻሸት ጀመረች።

በየዓመቱ መስከረም ሲገባ ለምን እንቅልፍ እንደሚጠፋት አሁን ታየሽ? እኛ የበዓል ወጪ አሳስቧት ይመስለን ነበር።

ደግሞ የእኛን ነገር አስቢው። እዚህ ግቢ የሚያለቅስ ሰው አይሰናበቱትም። ልማዳችን ነው፤ ማንም ነውር አይለውም። ለመስቀል አገር ሲወርዱ ለሚያለቅስ ልጅም፣ ለምትቆጣ ሚስትም «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ይሏቸዋል፤ ወይም በተኙበት ይወጣሉ። ማዘናችን ነው። አባዬ በየዓመቱ እንደዚያ ነው የሄደው፤ ሲመለስ ደግሞ ቅቤና ቆጮ ይዞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይገባል። አንቺም እሷ ማኅበር በሄደችበት ነው ከቤት የወጣሽው። አልወቅስሽም፤ በዚያን ጊዜ ሌላ መውጫ አልነበረሽም። ግን ጩኸቷን ፈርተን ያደረግነው ሁሉ ያንኑ ጠዋት መልሶ መላልሶ ለእሷ ማምጣት ሆኗል። ባልተኛ ኖሮ ትላለች፤ እኛም እስክትተኛ እንጠብቃለን።

ሌላ መንገድ መኖሩን ያየሁት በነሐሴ ነው። ወይዘሮ ደሳለች ፈቃድ ሊወጡ ሆነና አስቀድመው ለእማዬ ነገሯት። ያኔ እሳቸውን «ልጄ፣ የእጄን ፈትል አለብስሻለሁ» የምትልበት ጊዜ ነበር። ተነሥታ ቆመች። «አንቺም እንደነሱ ነሽ! ደሞዝሽን ልትበዪብኝ ነው እንጂ መች አሰብሽልኝ!» አለቻቸው። እኔ ወለሉ ቢከፈትልኝ በገባሁ። እሳቸው ግን አልተነሡም፤ አላባበሏትምም። «ይቆጡኝ፤ ያስቆጣል። ነሐሴ 29፣ ሐሙስ ጠዋት እዚህ ወንበር ላይ ያገኙኛል» አሉ። በቃ፤ ይህንኑ ነው ደጋግመው ያሉት። ድንገት ቢብስባት የምናገኘውንም ሌላ ባለሙያ አሳዩን።

እማዬ ቤት ደርሳ ያላለቻቸው የለም። ሳህን ሰበረች። ግን ሰርኬ፣ መቀስ አላነሣችም፤ ራሷንም አልነካችም። ቀኑ ሲደርስ «አልሄድም፣ የት አውቃት» ስትል አድራ ጠዋት ከእኔ በፊት ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ስንደርስ ወይዘሮ ደሳለች ወንበራቸው ላይ ነበሩ። እማዬ ደፉ ላይ ቆማ «መጣሽ እንዴ?» አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ተቀመጠችና እንደገና ሰደበቻቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

ትናንት ለአባዬ ለመናገር ሞከርኩ። የመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ እየሸመነ ነበር። «አባዬ፣ ብንነግራትስ?» አልኩት። እግሩ ቆመ። «ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሽውን ትምህርት ሆስፒታል ደጅ ጨረስሽው እንዴ?» አለኝ። ጋሽ ቤዛብሕ ከወዲያ «ዶክተር ሲና! ለእኔም ወገቤን እዪልኝ!» ብለው ሳቁ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ልወጣ ስል አባዬ ዝቅ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እፈራለሁ ልጄ» አለኝ። ስንት ዓመት ተናዶባት እንጂ ፈርቷት አይመስለኝም ነበር።

እኔም እፈራለሁ። ሌላም የምፈራው አለ፤ ለማንም አልነገርኩም። እንደሷ እሆን ይሆን ብዬ። ባለፈው አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ ሚስጥር ሽሮ ሜዳ ላይ ሳታየኝ አለፈች። ሳታየኝ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሳምንቱን ሙሉ ስጠላት ሰነበትኩ። ይህን ለወይዘሮ ደሳለች በስንት ጭንቅ ነገርኳቸው። «አንቺ ደግሞ የእናትሽን ዱካ እየሰማሽ ነው ያደግሽው፤ በእግሯ ድምፅ ልቧን ማንበብ ተምረሻል፤ ዝምታሽም ራስሽን ያዳንሽበት ነው» አሉኝ። «አሁን ግን ይህን እያየሽው ነው። የሚታይ ነገር እንደማይታየው ሰውን አይገዛም።» እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። ለሚስጥር ግን ሰላም ብያታለሁ።

ይቅርታ፤ እዚህ ላይ አቋርጬ ነበር። እማዬ መጣች።

ወረቀቱን ልደብቀው ነበር፤ እጄ ዘገየ። «ምን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ። «ለሰርኬ» አልኳት። «እናትሽ ሞታለች ብለሽ ጻፊላት» አለችና ዞረች። በሩ ጋ ስትደርስ ሳትዞር «ልጅቷ ማንን ትመስላለች?» አለችኝ። አላየኋትም አልኳት። «ግንባሯ የእኔ ሳይሆን አይቀርም» አለች።

የወጣች መስሎኝ ስተነፍስ ተመለሰች። «የአባትሽን ሸሚዝ ገመድ ላይ አየሁት። የት ሊሄድ ነው?» አለችኝ። ሰርኬ፣ ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ለበዓሉ ነው» አልኳት። ሄዳ ፍራሿን እየጎተተች የቤታችን መውጫ በር ሥር አነጠፈችው። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የምተኛው፤ ጓዳው ይሞቀኛል» አለች። በዚህ ብርድ! አሁን ይህን ስጽፍልሽ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ እንዝርቷ ሲሽከረከር ይሰማኛል። ታውቃለች። ማክሰኞ ካልረገጥናት በቀር በዚያ በር መውጫ የለንም።

ባለፈው ሐሙስ ወይዘሮ ደሳለችን ምን ላድርግ ብያቸው ነበር። «ይህን አድርጊ አልልሽም፤ ውሳኔው የቤተሰቡ ነው። ግን ብቻሽን አትሸከሚው። መረዳት ማለት ሁሉን መቻል ማለት አይደለም» አሉኝ። ስለታም ነገር ከቤት እንዲወጣ፣ ሰው አብሯት እንዲያድር፣ የዚህን ሳምንት ቀጠሮ እንዳታልፍ ነገሩኝ። መቀሱንና ምላጩን እትዬ ሩቲ ጋ ወስጄአለሁ። እትዬ ሩቲ እኛ እስክንመለስ አብራት ልታድር፣ ሐሙስም ልታደርሳት ተስማምታለች። እማዬ «ጴንጤዋ መዝሙር እየዘመረች አታስተኛኝም» ትላለች እንጂ ከእሷ ሌላ ማን ትወዳለች?

ካንቺ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ከመጣን ማክሰኞ ማታ፣ እንደደረስን፣ ለእማዬ ደውይላት። ከወጣሽ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማችም። ትሰድብሻለች፤ እሱን አሁኑኑ እወቂው። «ዳግም እንዳትደውዪ» ብላ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ትዘጋዋለች። አትመልሺላት፤ እንድትታረቂያትም አይደለም። «ደርሰዋል፣ መስከረም 20 ማክሰኞ ይመለሳሉ» ብቻ በያት። ከቻልሽ ኪብሮን ስታለቅስ አሰሚያት። ካልቻልሽም አልቀየምሽም፤ አንቺ የተቀበልሽውን መከራ እኔ አልተቀበልኩም።

ነገ ስነግራት ከባሰባት እቀራለሁ፤ ወደ ሆስፒታሉም ይዣት እሄዳለሁ። አባዬ ብቻውን ይምጣ ወይም ይቅር፣ እሱ ይወስን። እንደተኛች ግን እኔ በላይዋ ተራምጄ አልወጣም። ማክሰኞ ማታ ከመኪናው ካልወረድኩ ምክንያቱ ይህ ነው፤ እንዳትጠብቂኝ፣ እንዳትደነግጪም።

ሮቤልን ሰላም በዪልኝ፤ የላከልኝ ጫማ ልክ ሆኖልኛል። እናቱን «ጉልበትዎን ስማለች» በያቸው። ኪብሮንን ግንባሯ ላይ ሳሚልኝ፤ እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው፣ የእማዬ ነው ወይ? እትዬ ሩቲ «ጌታ ይባርክሽ በያት» ብላለች። አባዬ መጻፌን አያውቅም፤ ቢያውቅ ሰላም ይልሽ ነበር። እማዬም ስለ ልጅቷ ጠይቃለች፤ ሰላምታ ብለሽ ቁጠሪላት።

ነገ ጠዋት አባዬ ወደ ሸማ ቤት ሳይገባ፣ ሦስታችንም ቁርስ ላይ ሳለን እነግራታለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ይንቀጠቀጥ። የምለውን አጠናሁት፤ ረጅም አይደለም። «እማዬ፣ ትናንት ስለ ሸሚዙ ዋሽቼሻለሁ። ነገ ከአባዬ ጋር ሰርኬ ጋ እንሄዳለን፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ እንመለሳለን። ስንወጣ እንቀሰቅስሻለን።»

እህትሽ ሲና
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ